ቀትርን ከቤቴ የወሰዱት መምህርት አስካለ

መምህርት አስካለ አርፈዋል። ወሬውን ደባርቅ ያደረሰው ከጎንደር የመጣ የአውቶቡስ ረዳት ነው። ማኪናው ገና ሳይቆም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «የፀሐይዋ መምህርት ሞቱ! ቀብራቸው ነገ ነው!» ብሎ ጮኸ። ገበያተኛው ባለበት ቆመ። እኔ ሽንኩርት እየመረጥሁ ነበር። ባሌ አያ ደምለው በዚያ ሰዓት ከቤታችን በላይ ካለችው ጉብታ ላይ ስለነበረ መርዶውን ወጥቼ የነገርሁት እኔ ነኝ። ሰምቶ መሬት ላይ ዘፍ አለ። እናቱ የሞተች ቀን እንኳ ቆሞ ነበር ያለቀሰው።

ይህን የምጽፈው ለአርባቸው ለምትሰበሰቡት፣ እርሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ነው። ጎንደር ያስተማሯችሁ ልጆች ስለ እርሳቸው ብዙ ሸጋ ነገር ትናገራላችሁ። እውነት ነው፤ አልቃወምም። እኔ ግን በመምህርት አስካለ ስቀና የኖርሁ ሰው ነኝ። ይህን ስጽፍ የልጅ ልጄ በትከሻዬ በኩል አይታ «እማማ፣ እንዲህ ያለ ነገር በአርባ ላይ ይነበባል?» አለችኝ። «የሚያነብልኝ ካጣሁ ራሴ ቆሜ አነበዋለሁ» አልኋት። ስለ አንድ ሰው ወዳጆቹ ብቻ ከተናገሩ ነገሩ ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ግማሹ ደግሞ እኔ ዘንድ ነው ያለው።

መጀመሪያ ወደ እኛ አገር ሲመጡ ከአውቶቡሱ የወረዱት አንድ ሣጥን እንደ ሕፃን ታቅፈው ነው። ረዳቱ ጣሪያ ላይ እጭነዋለሁ ቢላቸው እምቢ ብለው፣ ከጎንደር እስከ ደባርቅ ጭናቸው ላይ አድርገው መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ነበሩ። ፊዚክስ ያስተምራሉ ተባልን። ሣጥኑ ከፍ ያለ፣ ዛፍም ቤትም የማይጋርደው ቦታ ይፈልጋል ሲሉ፣ የገበሬ ማኅበሩ ከቤታችን በላይ ያለችውን ጉብታ ሰጣቸው። ጠባቂ ሲፈልጉ ደግሞ ሁሉም ባሌን ጠቆመ። በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ ለጥምቀት ታቦት ሲወጣ ጥላ ይይዝ ነበር። እጁ የገባ ዕቃ አይወድቅም ይሉታል።

ሥራውን ሲያስረዱት እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ።

«አያ ደምለው፣ ፀሐይ የምናየው ብርሃን አላት፤ የማናየውም ጨረር አላት። ቆዳ የሚያሳርረው፣ ዓይን የሚያፈዘው ያ የማናየው ነው። አልትራቫዮሌት ይባላል። ይህ ሣጥን እሱን ይለካል፤ እርስዎ ቀስቱ የቆመበትን ቁጥር ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ይጽፉልኛል። በሰማይ ደግሞ ሳተላይት አለ፤ ቀትር ላይ በእኛ በኩል ያልፋል። ምድር ወርዶ አይነካም፤ ከላይ ደመናውንና አየሩን ያያል፤ ከዚያ ተነሥተው ባለሙያዎች እዚህ በየሰዓቱ ስንት ጨረር እንደሚደርስ ያሰላሉ። ወረቀቱ ከውጭ አገር በፖስታ ይመጣልኛል። የእሱንና የእርስዎን ጎን ለጎን አድርጌ አያለሁ።»

ባሌ «የእኔን?» አለ።

«የእርስዎን» አሉት።

እዚያው ላይ ባሌን አጣሁት።

ቀትር የቤታችን ሰዓት ነበረች። ባሌ በጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ፣ ሲገባም ከድካም ብዛት የማይናገር ሰው ነው። ቀትር ላይ ብቻ ለምሳ ሲመለስ እናወራለን፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ጎረቤት ማን ከማን እንደተጣላ። ሣጥኑ ከመጣ ወዲህ ግን ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ጉብታው ላይ ነው። እኔ ምሳ አቅርቤ እቀመጣለሁ፤ ወጡ ይበርዳል።

አንድ ቀን «ምነው ትንሽ ብትዘገይስ?» አልሁት።

«ሳተላይቱ ይጠብቀኛል እንዴ?»

«እኔስ? እኔ ነኝ የምጠብቅህ?»

«አንቺማ ቤት ነሽ» አለና ወጣ።

መምህርት አስካለ በየጊዜው ይመጡ ነበር። ሲመጡ መጀመሪያ የሚገቡት ወደ እኔ ቤት ነው። «እትዬ ይታይሽ፣ እንዴት ከረሙ?» ይላሉ፤ ስለ ጤናዬ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ወደ ጉብታው ይወጣሉ። እዚያ ባሌ አፉ ይፈታል። ሰሞኑን የነበረው ደመና እንዴት እንደሳሳ፣ አቧራው ከየት በኩል እንደመጣ፣ ከዝናብ በኋላ ሰማዩ እንዴት እንደሚጠራ ሲያወራላቸው ድምፁ እስከ ቤቴ ይሰማል። ወሬኛ እንደሚያስበው አይደለም። እርሳቸውም ባሌም ንጹሕ ሰዎች ናቸው፤ ይህንን ማንም ቢጠይቀኝ እምላለሁ። እኔ የቀናሁት በወሬው ነው። የእኔ የነበረው ወሬ ጉብታ ላይ ወጥቶ ቀረ።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀቶቹ ከውጭ ሲመጡ የሳተላይቱና የባሌ ቁጥር አልተስማሙም። የጠዋቱና የማታው ንባብ ደህና ነው፤ የቀትሩ ግን የባሌ ቁጥር ዝቅ ይላል። ሳተላይቱ «ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር» ሲል፣ የባሌ ቁጥር ደመና የዋለበት ቀን ይመስላል። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ሰማዩን ወይ ምድሩን ውሸታም ብሎ ይገላገል ነበር። መምህርት አስካለ ግን አንድ የማይለውጡት አነጋገር ነበራቸው፤ «ሁለቱንም ሳልሰማ አልፈርድም» ይሉ ነበር። ሣጥኑን ጎንደር ወስደው ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ካለው ሌላ መለኪያ ጋር አስተያዩት። እኩል አነበቡ። መልሰው አመጡት። ቀትር ላይ እንደገና ዝቅ አለ። እርሳቸውም ግራ ገባቸው፤ ባሌም ከሳ።

በዚህ መሀል ከክፍለ ሀገሩ አንድ ባለሥልጣን መጡ። ላንድሮቨራቸውን ጉብታው ሥር አቁመው፣ በጥቁር መነጽራቸው ሣጥኑንም እኛንም አዩን። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል።

«ከሰማይ የሚመጣው በሳይንስ የተሠራ ነው» አሉ፤ «ይህኛው ገበሬ የጻፈው ነው። በጠራ ቀን ደመና የሚጽፍ ሰው ወይ ሰነፍ ነው፣ ወይ አሻጥረኛ። ይህ ጣቢያ ይዘጋል። ተጠያቂውም ይለያል።»

በዚያን ጊዜ አሻጥር የሚለው ቃል የቀልድ ቃል አልነበረም። ስሙ ከዚያ ቃል ጋር የተነሣ ሰው ማታ ቤቱ ላይገባ ይችላል።

መምህርት አስካለ ወደፊት ወጡ። «ጓድ፣ የቁጥሩ ኃላፊ እኔ ነኝ» አሉ፤ «አያ ደምለው ያሳየኋቸውን ነው የሠሩት። ጥፋት ካለ የእኔ ነው። እርሳቸውን ይተዉአቸው።»

ባለሥልጣኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው እርስዎ ከእኛ ጋር ይወርዳሉ» አሉ።

እውነቱን ልንገራችሁ። በዚያች ሰዓት ሁሉም ነገር በእኔ በኩል ተስተካክሎ ነበር። ሣጥኑ ሊሄድ ነው። ሴትዮዋ ሊሄዱ ነው። ባሌ ነፃ ነው፤ ነገ ቀትር ከገበታዬ ፊት ይቀመጣል። ከእኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። ነገር ግን ሴትዮዋ ያልሠሩትን ሊሸከሙ ነው፤ እኔ ደግሞ ባሌ ሣጥኑ ጋ የሚያደርገውን አውቃለሁ። የቀናች ሴት ቀትር ላይ ከደጇ ቆማ ጉብታውን ስታይ ነው የምትውለው። ልክ ያልሆነ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ሲቆም መዋጥ አልችልበትም።

«ጓድ!» አልሁ። «እኔ ልናገር!»

«እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?»

«የዚህ ሰው ሚስት ነኝ። ይህ ሰው ከተጋባን ጀምሮ ለእኔ አንድ ቀን ጃንጥላ ዘርግቶልኝ አያውቅም! በጠራራ ፀሐይ ከገበያ ተሸክሜ ስመጣ እሱ እጁን አወዛውዞ ከፊቴ ይሄዳል። ለዚያ ሣጥን ግን ቀትር በደረሰ ቁጥር ጃንጥላ ዘርግቶለት፣ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያነበው! እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፤ ይህ ፍርድ ነው?»

መምህርት አስካለ ቀስ ብለው ወደ ባሌ ዞሩ።

«አያ ደምለው፣ እውነት ነው?»

ባሌ እኮ አላፈረም። ደረቱን ነፋ። «እንዴታ! ‹ክቡር ዕቃ ነው፣ እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁልኝ› አላሉኝም? ጠዋትና ማታ ፀሐዩ ለዘብ ያለ ነው፣ እተወዋለሁ። ቀትር ላይ ግን እንዲህ ያለውን ነገር በጠራራ ማን ያቆማል? ክቡር ነገር ያለ ጥላ ሲወጣ እኔ አይቼ አላውቅም።»

ያን ጊዜ ጉብታው በሳቅ ተናጋ። አንዱ ጎረቤታችን «በል እንግዲህ ከበሮም ይምጣለት!» ብሎ ጮኸ። መምህርት አስካለ ከንፈራቸውን ነክሰው አልሳቁም። ጃንጥላውን ከባሌ ተቀብለው ሣጥኑ ላይ ዘረጉ፤ ባለሥልጣኑን ቀስቱ የት እንደቆመ አሳዩአቸው። ከዚያ ጃንጥላውን መልሰው አጠፉት። ቀስቱ ሽቅብ ሄደ።

ባለሥልጣኑ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ ከጥላው ሥር ለምን ባዶ አይሆንም?»

«ይህ ጨረር ከፀሐይዋ ፊት ብቻ አይመጣም፣ ጓድ። በሰማዩ ተበትኖ ከየአቅጣጫው ይወርዳል። ጥላ ሥር የቆመም ሰው ድርሻው ይደርሰዋል። ደመና የመሰለን ለዚህ ነው።»

«ድንቁርና ነው!» አሉ ባለሥልጣኑ።

«አክብሮት ነው» አሉ መምህርት አስካለ። «ክቡር ነው ብዬ ሰጠኋቸው፤ እርሳቸውም በሚያውቁት መንገድ አከበሩት። ፀሐይ ሊመታው የመጣ ዕቃ መሆኑን ያልነገርኋቸው እኔ ነኝ።»

ጣቢያው አልተዘጋም፤ መምህርቷም አልተወሰዱም። እኔ ምን አገኘሁ? ባሌ ለወራት ባገኘው ሰው ፊት «መምህርት አስካለ አዳኑኝ» ሲል ከረመ። ይታይሽ የምትባል ሰው እዚያ የነበረች አይመስልም። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ይህንኑ ሲያወራ እርሳቸው ከኋላው ደረሱ። «አያ ደምለው፣ ያዳኑንማ እትዬ ይታይሽ ናቸው። ያን ቀን ዝም ቢሉ እኔ ዛሬ እዚህ የለሁም» አሉ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ። ፍርዴን ሰጡኝ። ነገር ግን ገና ሳልጠይቃቸው ሰጡኝ፤ በዚህም ቀናሁባቸው። እኔ ተሟግቼ ብወስደው ነበር የምወደው።

ጃንጥላው ከታጠፈ በኋላ ደግሞ የባሌ ቁጥር በጠራ ቀን ከሳተላይቱ በለጠ። ባሌ «አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ብሎ እንቅልፍ አጣ። መምህርት አስካለ ግን ፊታቸው በራ። እቤቴ ተቀምጠው ሲያስረዱት እኔ ምስር እለቅማለሁ፣ አልሰማም እያልሁ እሰማለሁ።

«ምንም አላጠፉም። ሳተላይቱም አልዋሸም። ዓይኑ ግን ሰፊ ነው፤ ደባርቅንና ዛሪማን በአንድ ጊዜ ያያል። ደጋውንና ቆላውን አደባልቆ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ተራራ ላይ ከራሳችን በላይ ያለው አየር ስስ ነው፤ ጨረሩ ይበረታል። ዛሪማ ሙቀቱ ቢበረታም ጨረሩ ከእናንተ ያንሳል።»

ምስሩን ጣልሁት። «እኛ ጋቢ ደርበን የምንንቀጠቀጠው፣ እነሱ ሸማቸውን ጥለው የሚውሉት፣ ሁላችንም አንድ ቁጥር?»

«አንድ ቁጥር፣ እትዬ ይታይሽ።»

«ይህማ ግፍ ነው! ከእኛ ቀንሶ ለነሱ የሚጨምር ማን ፈቀደለት?»

እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «የእኔም ሥራ ይኸው ነው» አሉ፤ «ግፉን ማረም።»

«ታዲያ ሰማዩን ትተው በሣጥኑ ብቻ አይሠሩም?»

«ሣጥኑ የሚያውቀው የቆመበትን ጉብታ ብቻ ነው። እንፍራንዝ ማን አለኝ? ጠዳ ማን አለኝ? ሳተላይቱ ሁሉንም ያያል። የት እንደሚያበዛ፣ የት እንደሚያጎድል ከዚህኛውና ከጎንደሩ መለኪያ ካወቅሁ፣ አርሜ መለኪያ ለሌለው አገር ሁሉ አደርሳለሁ።»

ገባኝ። የማላውቃቸው የእንፍራንዝ ሰዎች በእኔ ምሳ ሰዓት ቁጥራቸው ይቃናል ማለት ነው። ሥራው ልክ እንደሆነ ገባኝ፤ ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም። ከገባኝ በኋላማ ባሰ። ቀድሞ መጥፎ ናቸው ብዬ ማሰብ እችል ነበር።

መጥፎ አልነበሩም። ዓይኗ በሞራ የተሸፈነባትን ጎረቤታችንን ራሳቸው አጅበው ጎንደር ሆስፒታል አስገቧት፤ ስትመለስ የልጆቿን ፊት እየዳበሰች ሳይሆን እያየች ሳመች። ገበያ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጡ ሴቶች የሰሌን ባርኔጣ አምጥተው አደሉ፤ ሕፃን ያዘለችውን ሁሉ «በቀትር ልጁን ወደ ጥላ» እያሉ ይለምኑ ነበር። ለእኔም ባርኔጣ አመጡልኝ። የእርሳቸውን ባርኔጣ ከምደፋ ፀሐይ ይብላኝ ብዬ ሰቀልሁት። አንድም ቀን «ምነው አላደረጉትም?» ብለው አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

ፊደል ያስቆጠሩኝም እርሳቸው ናቸው። መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ክረምቱን እኛ ዘንድ ከረሙ። «ለምን መማር ፈለጉ?» ብለው ሁሉንም ይጠይቃሉ። አንዷ ጸሎት ለማንበብ አለች፤ አንዷ ልጇ ከጦር ሜዳ የሚልከውን ለማየት። እኔ ተራዬ ሲደርስ «ባሌ በየቀኑ ምን እንደሚጽፍልዎ ላነብ» አልሁ። ክፍሉ ሳቀ። እርሳቸው «ሸጋ ምክንያት ነው» አሉና በማግስቱ ጉብታው ላይ ይዘውኝ ወጡ፤ ቀስቱ እንዴት እንደሚነበብ አሳዩኝ። እጄን ይዘው ሲያጽፉኝ «እትዬ ይታይሽ፣ ብዕር ነው እንጂ ሞፈር አይደለም፤ ላላ ያድርጉት» ይሉኝ ነበር። «ሞፈር ቢሆን እኔ አስተምርዎ ነበር» እላቸው ነበር። ይህን የማነብላችሁም ባስተማሩኝ ፊደል ነው። ቅናቴን እንኳ የምጽፈው በእርሳቸው ስጦታ መሆኑ ያበሳጨኛል።

መጨረሻ የመጡ ጊዜ በሽታው ጠንቶባቸው ነበር። ጉብታውን መውጣት አቃታቸው። ባሌ ብቻውን ወጣ፤ እርሳቸው ከእኔ ጋር ቤት ተቀመጡ። ቀትር ነው። ምሳ አቀረብሁ።

ጥቂት ቀመሱና «ወጡ ትኩስ ነው» አሉ።

«በሰዓቱ የሚበላው ሲገኝ ትኩስ ነው» አልኋቸው።

እጃቸውን ከገበታው አነሡ። ከዚያ «እትዬ ይታይሽ፣ ብዙ ቀትር ወሰድሁብዎ» አሉ።

«ወስደዋል» አልሁ።

«ይቅርታ አልጠይቅም። ያስፈልገኝ ነበር።»

«እኔም ይቅርታ አልሰጥም። የእኔ ነበር።»

ተያየንና ሳቅን። ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ሳሉ ሲተዋቸው እጄን ያዙ። «የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉኝ፤ «እኔ ስሄድ ምድር ዝም እንዳይል። ከዚህ አንድ ቀን ከጎደለ፣ ያን ቀን ሰማዩ ብቻውን ተናግሮ ይቀራል፤ የሚመልስለት የለም።» ምንም ቃል አልሰጠኋቸውም። ያኔ ቃል መስጠት መሸነፍ መሰለኝ።

መምህርት አስካለ፣ የቀረውን ለእርስዎ ልናገር።

የቀብርዎ ዕለት እኔ አልነበርሁም። ባሌ ጎህ ሲቀድ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። ወደ ጉብታው አየ፣ ወደ መንገዱ አየ፤ እግሩ አልነሣ አለው። «ቀትሩስ?» አለኝ። «ሂድ፣ ቅበራቸው» አልሁት። ጎንደር ላይ «ሚስትህስ?» ሲሉት «ታመመች» ብሏል። አልታመምሁም። ሌሎች በቅናቷ ቀረች ብለዋል ሲሉኝ ሰምቻለሁ። ቅናት ቢሆንማ አፈር ሲለብሱ በዓይኔ ልይ ብዬ ከሁሉም ቀድሜ እደርስ ነበር።

ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱልዎ እኔ ጉብታው ላይ ብቻዬን ነበርሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። የእርስዎ ሳተላይት ሲያልፍ አይታይም፤ ቢሆንም ቀና ብዬ «እኔም አለሁ» አልሁት። ቀስቱን አነበብሁ፤ እንዳልሳሳት ደግሜ አነበብሁ፤ በባሌ ጽሑፍ ሥር በገዛ እጄ ቁጥሩን ጻፍሁ። ፊደሌ ይወፍራል፤ ግን ይነበባል። ከዚያ ተቀምጬ አለቀስሁልዎ። ማንም አላየኝም፤ ስለዚህ ይህን ለሰው ብዬ እንዳላደረግሁት ይወቁልኝ።

ነፍስዎን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልኝ። እኔ በእርስዎ መቅናቴን አልተውሁም፤ የምተውም አይመስለኝም። ቀትርዎ ግን አልጎደለም።